ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ላይ ቤት ልትገዙ ነው? ጎርፉና ናዳው ካርታው ላይ አይጻፉም

#ጠቃሚ_መረጃ #ሰሜን_ወሎ



ቤት ወይም ቦታ ልትገዙ ስትነሱ ሁሉም ሰው የሚነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ «ካርታው ንጹህ መሆኑን አረጋግጡ»። ትክክል ነው። ግን ካርታ የሚናገረው ቦታው የማን እንደሆነ ነው። ነሐሴ ላይ ውሃው እስከየት እንደሚመጣ ወይም ከጀርባ ያለው ተራራ ዝናብ ሲጠግብ ምን እንደሚሆን አይናገርም።

ገንዘቡ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የዕቁብ ብር ነው፤ ከብት ተሽጦ የተገኘ ነው፤ ጂዳ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት የሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እህት በየወሩ የላከችው ነው። አንዴ ለሻጭ ከተከፈለ በኋላ «ጎርፍ ይገባበታል እኮ» ብሎ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

ስለዚህ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ አካባቢ ገዢዎች የሚሆን መረጃ በአንድ ቦታ አሰባስበናል። ረዘም ያለ ነው፤ ሴቭ አድርጉትና ቤት ስታዩ እያወጣችሁ ተጠቀሙበት።

ባጭሩ፦

1. የወረቀቱ ምርመራና የመሬቱ ምርመራ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም።
2. በበጋ ብቻ ያያችሁትን ቤት አትግዙ። ቤት በጥር ያምራል፤ የሚፈተነው በነሐሴ ነው።
3. ከደላላውና ከሻጩ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎችና እናቶች ጠይቁ።
4. በቃል የተነገራችሁን ውል ላይ አስጽፉ።

■ አውሎ ነፋስ የለብንም፤ ታዲያ ምን አለብን?

ፍሎሪዳ ያለ ቤት ገዢ የሚፈራው ሃሪኬንን ነው። ሃሪኬን ከሞቀ ውቅያኖስ የሚነሳ ከባድ አውሎ ነፋስ ስለሆነ ሰሜን ወሎ አይደርስም። ወደ እኛ ቀጣና ቀረብ ካሉት አንዱ በግንቦት 2010 ዓ.ም ሶማሌላንድን የመታው «ሳጋር» የተባለው ነበር።

ከፍሎሪዳ ግን አንድ ጥሩ ነገር እንውሰድ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ሻጭ ስለ ጎርፍ የሚያውቀውን ለገዢው በጽሑፍ መግለጽ በሕግ ግዴታው ሆኗል። የአሜሪካ መንግሥት የሚያወጣውን የጎርፍ ካርታም ማንም ሰው አድራሻ አስገብቶ በነፃ ማየት ይችላል።

በእኛ አካባቢ የቤት ሽያጭ ላይ እንዲህ ያለ የተለመደ ቅጽ የለም። ያንን ቅጽ የምትሞሉት ራሳችሁ ናችሁ፤ በእግር ዞራችሁ፣ ሰው ጠይቃችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገዢው ሊያስብባቸው የሚገቡ አደጋዎች አራት ናቸው፦

– ደራሽ ጎርፍ፦ ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ
– የመሬት መንሸራተትና ናዳ፦ ተዳፋት ላይና ከተዳፋት ሥር
– የወንዝ ዳር መሸርሸር፦ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ሜትር እየበላ የሚመጣ
– የከተማ ጎርፍ፦ ቦይና ቱቦ ሲዘጋ ከመንገድ ወደ ግቢ የሚገባ

■ መሬታችን ለምን እንዲህ ሆነ?

አቀማመጣችንን አስቡት። በምዕራብ በኩል ደጋው ተራራ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መርሳ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ። ከደጋው የሚወርደው ውሃ በአጭር ርቀት ብዙ ቁልቁለት ይጓዛል፤ ስለዚህ ይፈጥናል፤ ድንጋይና ደለልም ይዞ ይመጣል።

ሀብሩን ከሰሜን በኩል አላውሃ፣ ከደቡብ በኩል ሚሌ ያዋስኑታል። በሁለቱ መካከል በመርሳ፣ በሲሪንቃ፣ በውርጌሳና በግራና አካባቢ የሚያልፉ ብዙ ትናንሽ ወንዞችና ፈፋዎች አሉ። አብዛኞቹ በበጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ናቸው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱባቸዋል፤ አሸዋ ይጫንባቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ግን ሌላ ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተራራ ሥር ያለው ሜዳ ለምን ሜዳ ሆነ? ጎርፉ ለዘመናት ይዞት የወረደውን አፈርና ጠጠር እያራገፈ ስለሠራው ነው። ለእርሻ የሚመቸው፣ መሠረት ለማውጣት ብዙ ቁፋሮ የማይፈልገው፣ ደላላው «ልጥፍ ያለ ሜዳ ነው» የሚላችሁ ቦታ ብዙ ጊዜ የጎርፍ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ወንዝ አንድ ቦታ ብቻ አይሄድም፤ የድሮ መሄጃው በደለል ሲሞላ ወደ ጎን ይዞራል። ዛሬ ከወንዙ መቶ ሜትር መራቅ ለነገ ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

የውሃውን መጠን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከመንደራችሁ በላይ ባለ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ተራራ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 50 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ብናመላልሰው 5,000 ቦቴ ማለት ነው። የተወሰነው መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ ዛፍ በሌለበትና አፈሩ በተበላበት ተራራ ላይ ግን ብዙው ቁልቁል ይመጣል።

በዚህ ላይ ሁለት ዝናብ ነው ያለን፤ በልግና ክረምት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በልጉ መሬቱን ያረጥበዋል፤ ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ከባዱ ይመጣል።

■ በሌላ ቦታ የሆነውን እናስታውስ

ድሬዳዋ፦ በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን መታት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ደቻቱ የዓመቱን ብዙ ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ዳሩ ላይ ይኖር፣ ይነግድ ነበር። ውሃው የመጣው ከላይ ካለው ደጋ ነው፤ የመጣው ደግሞ ሰው በተኛበት ነው። ትምህርቱ፦ የወንዝ አደገኝነት በበጋ ባለው ውሃ አይለካም።

ጎፋ፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም አጋማሽ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሄዱ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱን ያዛቸው። ትምህርቱ፦ አንዴ የተንሸራተተ ተዳፋት ጨርሷል ማለት አይደለም።

ይሄ ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። የመርሳና የውርጌሳ አካባቢ ተዳፋቶች የመሬት መንሸራተት የሚያጠቃቸው መሆናቸው በጂኦሎጂ ባለሙያዎች ተጠንቷል። የጥናቶቹም ዋና ሐሳብ ቀላል ነው፤ ቁልቁለት፣ የላላ አፈር እና ውሃ ሲገናኙ መሬት ይንቀሳቀሳል። ለቤት ተብሎ የተዳፋቱ እግር ሲቆረጥ ደግሞ ይብሳል።

■ «እዚህ ጎርፍ የሚመጣው መቶ ዓመት አንዴ ነው»

ደላላ ይህን ካላችሁ ሒሳቡን እወቁት። ባለሙያዎች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲሉ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለታቸው ነው። ዘንድሮ መጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ሊደገም ይችላል። በዚያ ቤት 30 ዓመት ብትኖሩ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድላችሁ 26 በመቶ ገደማ ነው። ከአራት ቤተሰብ አንዱ ማለት ነው።

«አሥር ዓመት አንዴ ነው» ከተባለ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድላችሁ 65 በመቶ ገደማ ነው። ሻጩ «እኔ በኖርኩበት አምስት ዓመት አልመጣም» ቢል ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን አምስት ዓመት አጭር ነው።

■ መሬቱን እንዴት እንመርምር?

አንድ፦ በክረምት ሂዱ። የሚቻል ከሆነ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ባባራ ማግስት። ካልሆነላችሁና በበጋ መግዛት ካለባችሁ፣ በክረምት የተነሳ ፎቶና ቪዲዮ ከሻጩም ከጎረቤትም ጠይቁ። ዛሬ ስልክ የሌለው ሰው የለም፤ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይቀርጻል።

ሁለት፦ ሰው ጠይቁ፤ ግን አጠያየቁን እወቁበት። «ጎርፍ አለ ወይ?» ብትሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው»፣ «ተመስገን፣ ምንም የለ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። የጎረቤትን ገበያ ማበላሸት ማንም አይፈልግም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «እማማ፣ ክረምት ላይ ውሃው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» «አባባ፣ ትልቁ ጎርፍ የመጣ ጊዜ እስከየት ደረሰ? እስቲ ያሳዩኝ።» «በነሐሴ ልጆቹ ትምህርት ቤት ግቢ ሲሄዱ በየት ነው የሚሻገሩት?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ጣት ያስቀስራል፤ የተቀሰረውን ቦታ ፎቶ አንሱ። ቢያንስ ሦስት ቤት ጠይቁ፤ አንዱ ተከራይ ይሁን። ተከራይ የሚሸጠው ነገር የለውም።

ሦስት፦ ግድግዳውን አንብቡ። ከታች ያለው ቀለም ብቻ አዲስ ከሆነ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ግድግዳ ላይ አግድም የተሰመረ የጭቃ ወይም የእርጥበት ምልክት፣ የዛገ የበር ግርጌ፣ ያበጠ የእንጨት በር፣ የሚሸት ወለል፣ አጥር ላይ የተሰካ ገለባና ጭራሮ፤ እነዚህ ሁሉ ውሃ የጻፋቸው ናቸው። የጎረቤቶቹን ደጃፍም እዩ። ሁሉም ደጁ ላይ ከፍ ያለ መድረክ ወይም የድንጋይ እርከን ከሠራ በምክንያት ነው።

አራት፦ ወደ ላይ ውጡ። ቤቱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ከቤቱ በላይ ያለውን ፈፋ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከተሉት። የት ይሰበሰባል? የት ይታጠፋል? ውሃ ሲታጠፍ የውጭውን ዳር ነው የሚበላው፤ የእናንተ ቦታ በዚያ በኩል ነው? ከላይ ድልድይ ወይም ቱቦ ካለ በድንጋይና በቆሻሻ ተሞልቷል? ቱቦ ከተዘጋ ጎርፉ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል።

አምስት፦ ተዳፋት ላይ ከሆነ እነዚህን ፈልጉ፦
– መሬቱ ላይ ረዥም ስንጥቅ፣ በተለይ ከቤቱ በላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የዞረ
– ከሥራቸው የጎበጡ ወይም ያዘመሙ ዛፎች፣ ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ
– ያልነበረ ምንጭ መፍለቅ ወይም የነበረው ድንገት መደፍረስ
– የማይዘጉ በሮችና መስኮቶች፣ ከማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ የግድግዳ ስንጥቅ
– ከጀርባ ተቆርጦ ድጋፍ ግንብ ያልተሠራለት ቀጥ ያለ አፈር

ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ መሐንዲስ ወይም የጂኦሎጂ ባለሙያ ሳያይ ቀብድ አትክፈሉ።

ስድስት፦ ስልካችሁን ተጠቀሙ። ጉግል ኧርዝ ላይ የቦታውን የድሮ የሳተላይት ምስሎች በየዓመቱ ማየት ይቻላል። ወንዙ ከአሥር ዓመት በፊት የት ነበር? ዛሬ የት ነው? ወደ እናንተ እየመጣ ነው ወይስ እየራቀ? ቦታው ድሮ የወንዝ አሸዋ ሆኖ ከታየ ጉዳዩ አለቀ። ውሃ የድሮ መንገዱን አይረሳም።

■ ቤቱ ራሱስ?

የጭቃ ቤት በባሕሪው መጥፎ አይደለም፤ ጠላቱ ግን ከሥር የሚገባ ውሃ ነው። ግርጌው ውሃ ከጠጣ ምሰሶው ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ይከብድና ይወርዳል። ስለዚህ የጭቃ ቤት ከሆነ የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለኩ። የብሎኬት ቤትም ቢሆን መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ወንዝ ከሥሩ ይፈለፍለዋል።

አፈሩን እዩ። ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ያለ በቂ መሠረት የተሠራ ቤት ጎርፍ ባይመጣም ይተረተራል።

ጣራውንም አትርሱ። ከዝናብ በፊት የሚመጣው ነፋስ በደንብ ያልታሰረ ቆርቆሮ ይገነጥላል። ማገሩና ቆርቆሮው በምን እንደተያያዙ ገብታችሁ እዩ። የጣራው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ የት እንደሚሄድም ጠይቁ፤ ወደ ራሱ መሠረት የሚወርድ ከሆነ ቤቱ ራሱን እየጎዳ ነው።

ከዚያ ሒሳብ ሥሩ። ለምሳሌ ይህ ቤት ከሌላው በ300 ሺህ ብር ይረክሳል እንበል። ግን ድጋፍ ግንብ፣ ጋቢዮን ወይም ወለል ማሳደግ ከፈለገ የዚያን ዋጋ ከግንበኛ ጠይቃችሁ ጨምሩበት። ርካሹ ቤት ውዱ ሊሆን ይችላል። ወጪውን ካወቃችሁ ደግሞ ዋጋ ለመደራደር በእጃችሁ ማስረጃ አለ።

■ ወረቀቱ

የመሬቱ ምርመራ ካለፈ በኋላ ወደ ወረቀቱ እንሂድ።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምትገዙት ቤቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው።

ሀ) የገጠር መሬት፦ በከተማ ዳር «ከገበሬ ላይ በርካሽ» የሚባለው ቦታ ብዙ ጊዜ በገጠር ይዞታ ደብተር ያለ የእርሻ መሬት ነው። የገጠር መሬት በሽያጭ አይተላለፍም። ያለ ፈቃድ ሌሊት ተሠርቶ የሚያድር ቤትም ጨረቃ ቤት ነው። ይሄ ከጎርፍ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ አገናኘው። ሕጋዊ ቦታ ማግኘት የከበደው ሰው የሚገፋው ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ተዳፋት ነው። ቦታው ለልማት ሲፈለግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚገባው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ጨረቃ ቤት ከውሃው ቢተርፍ ከግሬደሩ አይተርፍም።

ለ) የሊዝ ይዞታ፦ በ2004 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት ዘመን ያስቀምጣል። ግንባታ ያልተጀመረበትን ወይም በከፊል እንኳ ያልደረሰበትን ቦታ ማስተላለፍ ግን ገደብ አለው። በማኅበር የተሰጠ ቦታ ከሆነም የመሸጥ ገደብ ያለበት መሆን አለመሆኑን ከማዘጋጃው ጠይቁ።

ሐ) ማዘጋጃ ቤት የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦
– ማኅደሩ በአካል አለ? በ2013 እና በ2014 በነበረው ጦርነት በአካባቢያችን የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። ስለዚህ ሻጭ እጅ ያለውን ካርታ ብቻ አትመኑ፤ ከቢሮው ማኅደር ጋር ይመሳከር።
– ቦታው በከተማው ፕላን ለምን ተመድቧል? ለመኖሪያ ነው? ወይስ ለመንገድ፣ ለአረንጓዴ ወይም ለወንዝ ዳርቻ የተተወ ነው?
– ዕዳ፣ እገዳ ወይም የፍርድ ቤት ክርክር አለበት?
– የግንባታ ፈቃድ አለው?
– በዚህ ሰፈር የጎርፍ መከላከያ፣ የቦይ ወይም የድጋፍ ግንብ ሥራ ታቅዷል? ከዚህ በፊት የአደጋ ሪፖርት ቀርቧል?

መ) ውሉ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። አንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ሦስት ምስክር የፈረመበት የመንደር ውል ብቻ ይዞ መቅረት ራስን ማጋለጥ ነው።

ቀብድም ቀላል ነገር አይደለም። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ መሬቱን ሳትመረምሩ «እንዳያመልጠን» ብላችሁ ቀብድ አትስጡ።

ውሉ ላይ ይህን የመሰለ አንቀጽ እንዲገባ ጠይቁ፦

«ሻጭ ይህ ቤትና ግቢ ከዚህ በፊት በጎርፍ ወይም በመሬት መንሸራተት ተጎድቶ እንደሆነ የሚያውቀውን ሁሉ ለገዢ ገልጫለሁ፤ የደረሰ ጉዳት የለም / የደረሰው ጉዳት የሚከተለው ነው። እያወቅሁ የደበቅሁት ነገር ቢገኝ በሕግ ተጠያቂ ነኝ።»

ሻጩ ይህን ለመፈረም ካመነታ መልሱን አገኛችሁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ በዓይን የሚታይን ጉድለት አይታችሁ ከገዛችሁ በኋላ መክሰስ ይከብዳል። እዚህ የጻፍነው አጠቃላይ መረጃ ነው፤ ለራሳችሁ ጉዳይ ጠበቃ አማክሩ። የጠበቃ ክፍያ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው።

■ በውጭ ሀገር ሆናችሁ የምትገዙ

ይህ ክፍል በተለይ ለእናንተ ነው፤ በኢሞና በዋትስአፕ ቪዲዮ ቤት ለምታዩ። ቪዲዮ ሳሎኑን ያሳያል፤ ከጀርባ ያለውን ፈፋ አያሳይም።

– ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ከቤቱ ወጥቶ በአራቱም አቅጣጫ መቶ መቶ እርምጃ እየሄደ ይቅረጽ። ወንዙን፣ ቦዩን፣ ከጀርባ ያለውን ተራራ ያሳይ።
– የቦታውን ትክክለኛ ሎኬሽን አስልኩና ራሳችሁ ጉግል ኧርዝ ላይ እዩ።
– ውክልና ስትሰጡ ለአንድ ሰው ብቻ ሁሉን አትተዉ። ገዢው ወንድም ቢሆንም መርማሪው ሌላ ሰው ይሁን። ይሄ አለመተማመን አይደለም፤ አራት ዓይን ይሻላል ነው።
– ክፍያውን በባንክና በደረጃ አድርጉት፤ የመጨረሻው ክፍያ ስም ሲዛወር ይሁን።

■ ኢንሹራንስ አለ?

ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የቤት መድን ይሸጣሉ። ብዙውን ጊዜ መነሻው የእሳት አደጋ ነው፤ ጎርፍና መሬት መንሸራተት የሚካተቱት ተጨማሪ ሆነው ነው። ስለዚህ «ኢንሹራንስ አለው» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። ጎርፍ ተጽፏል? መሬት መንሸራተት ተጽፏል? ለጭቃ ቤት ይሰጣል? ከጉዳቱ ስንት ብር ድረስ እኔ እሸፍናለሁ? ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ኩባንያው ቦታውን አይቶ «አንሸፍንም» ካለ ያ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

■ ገዝቻለሁ፤ አሁንስ?

ብዙዎቻችሁ ይህን የምታነቡት ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ነው። ሽጦ መውጣት ለሁሉም አይቻልም። የሚቻለው ይሄ ነው፦

– ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከሰፈሩ ጋር ቦዩንና ቱቦውን ጥረጉ። የአንድ ቤት ቦይ ብቻውን ጥቅም የለውም፤ ይሄ በእድርና በደቦ የሚሠራ ነው።
– የራሳችሁን ጎርፍ ወደ ጎረቤት አታዙሩ። አጥር ያዞረው ውሃ የሰው ግድግዳ ይጥላል፤ ጠብም ያመጣል።
– ተዳፋቱን አትቁረጡ፤ ከላይ ያለውን ዛፍና ሣር አታንሱ። የመጸዳጃና የማጠቢያ ውሃ ተዳፋቱ ውስጥ እንዲሰርግ አትልቀቁ።
– ካርታ፣ ውል፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ በላስቲክ ታሽጎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ፎቶው ስልክና ኢሜይል ላይ ይኑር።
– ቤተሰቡ ሌሊት የት እንደሚወጣ አስቀድሞ ይስማማ። ደጋው በኩል ከባድ ነጎድጓድና ጥቁር ደመና ካለ፣ እናንተ ጋ ባይዘንብም ወንዝ ዳር አትቆዩ። ለፈጣን ጎርፍ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ትልቅ ሰው ለመጣል ይበቃዋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅማ አይነሳም።
– ናዳ ከወረደ በኋላ ጎፋን አስታውሱ። መርዳት ግዴታችን ነው፤ ግን አንድ ሰው ተዳፋቱን እየጠበቀ፣ ሌላው ከሥሩ እየራቀ ይሁን።
– የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የክረምት ትንበያና ማስጠንቀቂያ ተከታተሉ።

■ ይዛችሁ የምትሄዱት ዝርዝር

ስክሪንሾት አድርጉት፦

☐ ቤቱን በክረምት አየሁ ወይም የክረምት ቪዲዮ አገኘሁ
☐ ሦስት ጎረቤት ጠየቅሁ፤ አንዱ ተከራይ ነበር
☐ ትልቁ ጎርፍ የደረሰበትን ቦታ አሳዩኝ፤ ፎቶ አነሳሁ
☐ ከቤቱ በላይ ያለውን ፈፋና ተዳፋት ዞሬ አየሁ
☐ የድሮውን የሳተላይት ምስል አየሁ
☐ መሠረቱን፣ ግድግዳውንና ጣራውን ግንበኛ አየልኝ
☐ ማኅደሩን፣ ፕላኑንና እገዳውን ከማዘጋጃው አረጋገጥሁ
☐ የጎርፍ መግለጫው ውሉ ላይ ተጻፈ
☐ ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ ቀብድ ከፈልሁ

በዚህ ሁሉ «ሻጩ ይቀየመኛል» ብላችሁ አትፈሩ። ቤቱ ደህና ከሆነ ምርመራው ለሻጩም ይጠቅመዋል፤ ዋጋውን ያስከብርለታል። የሚቀየመው የሚደብቀው ነገር ያለው ብቻ ነው።

የሰፈራችሁ ጎርፍ እስከየት እንደደረሰ የምታውቁ፣ የድሮ ፎቶና ቪዲዮ ያላችሁ፣ ሰፈሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። ቤት ለመግዛት እየዞረ ላለ ወዳጅ ደግሞ ይህን ዛሬውኑ አድርሱት፤ ቀብድ ሳይከፍል።